«ደህና ነኝ» ባዩ አሥር አለቃ

ጡረተኛው አሥር አለቃ መንገድ ሊሻገሩ ቆመዋል። አንገታቸው አልዞር ስላለ፣ መኪና መምጣቱን ለማየት መላ አካላታቸውን ማዞር ነበረባቸው። ድንገት አንድ ሰው ክንዳቸውን ያዘ፤ ነርሷ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ ከሥራ መውጣቷ ነበር።

«አጎቴ፣ እንዴት ነዎት?»

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ!»

ሰውዬው ከመቃብር ውስጥ ቢጠየቁም «ደህና» ሳይሉ አይቀሩም።

«ለጉዳት አበልዎ የመረመረዎት የሕክምና ቦርድስ ምን አለ?»

«ጉዳት የለብዎትም ብሎ አበሉንም ሕክምናውንም ከለከለኝ። እስከ ዓርብ ይግባኝ ማለት ይቻላል አሉ፤ እኔ ግን አልሄድም።»

«ሐኪሙ ምን ብሎ ጠየቀዎት?»

«እንዴት ነዎት አለኝ።»

«እርስዎስ?»

«ምን እላለሁ? ተመስገን፣ ደህና ነኝ አልኩት።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ሰላምታና ምርመራ አንድ መስለዋቸው ነበር።

«የጥይት ሳጥን በአንገቴ ስሸከም ያላልኩትን ‹አመመኝ› ዛሬ ቢሮ ገብቼ ልበል? ለምኜ አላውቅም፣ የኔ ልጅ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አይደል ያሳደጉኝ? ለመሆኑ የሸሚዝዎን ቁልፍ ማን ቆለፈልዎ?»

አሥር አለቃው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ጣቶቻቸው ከደነዘዙ ከርመዋል፤ የሚቆልፉላቸው ባለቤታቸው ናቸው።

«አንገትዎ ላይ ነርቩ ታንቋል። ቶሎ ካልታከሙ እጅዎ ጨርሶ ይከዳዎታል። ተመስገንን ለፈጣሪ፣ ሕመምዎን ለሐኪም። ይሄ ልመና አይደለም፣ ምስክርነት ነው። እኚያ የምሽግ ጓደኛዎስ ‹ደህና ነኝ› እያሉ አይደል አልጋ ላይ የቀሩት?»

ይህች ነገር ልባቸውን ወጋችው። ጓደኛቸውን ሊጠይቁ በሄዱ ቁጥር «ደህና ነህ?» «ደህና» ተባብለው ነበር የሚለያዩት።

ዓርብ ዕለት ይግባኝ ሰሚዋ ሐኪም «እንዴት ነዎት?» አለቻቸው።

«ተመ...» ብለው ቃሉን ዋጡት። «ደህና አይደለሁም» አሉ። «አንገቴ አይዞርም። ጉልበቴ ደረጃ አያወጣኝም። የልጅ ልጄን ላቅፈው ብል ከእጄ ይወድቃል ብዬ እፈራለሁ።»

ሐኪሟ እጃቸውን፣ አንገታቸውን፣ ጉልበታቸውን አንድ በአንድ መረመረች። በኋላ የፊተኛው ውሳኔ ተሻረ፤ አበሉም ሕክምናውም ተፈቀደ። ቀኝ እጃቸው ግን ለሕክምና በጣም ስለዘገዩ እንደማይድን ሐኪሟ ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ግራው ይተርፋል። ሕመምን መናገር ከሰው ክብር አንዳች አይቀንስም። ዝምታ ግን ከሰውዬው አንድ እጅ ወስዷል።

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸውን «እንዴት ዋልሽ?» አሏቸው።

«ደህና» አሉ ባለቤታቸው፣ ወገባቸውን ይዘው።

አሥር አለቃው መላ አካላታቸውን ወደ እሳቸው አዞሩ።

«ተይ፣ እውነቱን ንገሪኝ።»