ቀዩ ገበር

— ሄሎ… እንኳን ደወልክ ወንድሜ። ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ሞከርኩህ እኮ… አውቃለሁ፣ ተኮራርፈናል። አሁንም ብትኮርፍ መብትህ ነው፣ ብቻ እንዳትዘጋው።

— ሄሎ? ትሰማኛለህ?… ልጅቷስ አለች?… ጥሩ። አሁን እንዳትጠራት። መጀመሪያ አንተ ስማኝ።

— ስለ በዓሉ ግብዣ ነው የማወራህ… አዎ፣ እኔው ነኝ ያመጣሁት ጣጣ። ልጆቹን ሁሉ ልብስ ስፌት ቤቴ ሰብስቤ፣ «ዘንድሮ ስጦታ አይገዛም፣ በእጃችሁ ትሠራላችሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። ቅርጫት ሙሉ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሰጠኋቸው፤ ከቅርጫቱ ውጪ ምንም እንዳትነኩ አልኩ። ከዚያ ልጅህ እጅ ላይ ቀይ ሳቲን አየሁ… አዎ፣ የደንበኛዬ የኮት ገበር መሰለኝ። ጠረጴዛ ላይ ባየው የለም… አዎ። ወንበር ላይ አቁሜ፣ በዘጠኝ ልጅ ፊት «ሰርቄያለሁ፣ ይቅርታ» አስባልኳት። አታስታውሰኝ፣ እኔ መች ረሳሁት።

— ምን? አንተም ቤት ገብተህ ቀጣሃት?… ብስክሌቷን ቆለፍክባት። እስካሁን?… አሥር ቀን ሙሉ። ወይ አበሳዬ።

— አንድ ጊዜ እትዬ፣ ኮቱን እየለኩ ይቆዩኝ። መስታወቱ ከበሩ ጀርባ ነው… ይቅርታ፣ የኮቱ ባለቤት ናቸው። ሌላ ገበር ፈልጌ ጨርሼላቸው፣ ዛሬ ሊወስዱ መጡ። መጠቅለያ ላወጣ የታችኛውን መሳቢያ ስከፍት፣ ቀዩ ሳቲን እጥፍ ብሎ ተቀምጧል። ሙሉው። መቀስ ያልነካው።

— ማን አስቀመጠው? እኔ ነኛ። ልጆቹ እንዳይነኩት ብዬ በዚያው ጠዋት ደብቄ፣ በግርግሩ ረሳሁት… ስደበኝ፣ ይገባኛል።

— የእሷ ቁራጭ ከየት መጣ?… እኔም እሱን ነው ያልኩት። እስቲ የበዓል ቀሚሷን አውጣና ገልብጠው… ሂድ፣ እጠብቃለሁ።

— እትዬ፣ ትከሻው ጋ አልያዘዎትም? እጅዎን ያንሱት እስቲ… ልክ ነው።

— ሄሎ… አየኸው?… ገበሩ የመዳፍ ያህል ተቆርጧል፣ አይደል? ከውስጥ በኩል፣ ማንም እንዳያየው። የቀሚሷን ገበር አምና የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ከዚያው ዓይነት ሳቲን። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ስዳብስ ኖሬ የገዛ ሥራዬን አላወቅኩትም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

— ለምን አልተናገረችም?… ስጦታው ለእኔ ነበራ። እፊቴ ምን ብላ ትናገር። መርፌ መሰኪያ ትንሽዬ ትራስ ናት። ያኔ ነጥቄ ቅርጫቱ ውስጥ ወርውሬያት ነበር፤ ዛሬ ፈልጌ አወጣኋት። ግማሿ አልተሰፋም። ውስጧ ወረቀት አለ፤ «ለአክስቴ፣ መርፌ በአፍሽ እንዳትይዢ፣ ትውጪዋለሽ» ይላል…

— አላለቅስም… እሺ፣ እያለቀስኩ ነው። በል ስጠኝ እሷን።

— አልመጣም አለች?… እውነቷን ነው። ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው እንግዲህ።

— ሄሎ የኔ እናት… አክስትሽ ነኝ። አንቺ ምንም አልሰረቅሽም። ጨርቁን ራሴ ደብቄ ረስቼ ነው። ስሜን አጠፋች ብትዪ እውነትሽን ነው። ይቅር በዪኝ…

— ሄሎ? አለሽ?… ድገሚልኝ፣ አልሰማሁሽም… ወንበሩ ላይ ቆሜ?… ዘጠኙም ልጆች ባሉበት?… እትዬ፣ አይሳቁብኝ… እሺ። ልክ ነሽ። ቅዳሜ ሁሉንም እጠራቸዋለሁ… አዎ፣ ጮክ ብዬ። «አልሰረቀችም፣ በሐሰት የወነጀልኳት እኔ ነኝ» እላለሁ። ትራሷንም አብረን እንጨርሳታለን፣ ከፈለግሽ… እሺ፣ ታስቢበታለሽ። አልቸኩልም። አባትሽንም ብስክሌቱን ክፈትልኝ በዪው።

— ምን አልሽ?… ወንበሩ ይነቃነቃል?… ያን ቀን አንቺ ላይም ተነቃንቆብሽ ነበር?… አላየሁም የኔ እናት። እኔ ምንም አላየሁም…

— አንቺ ትይዥልኛለሽ?

— እሺ… እሺ። ቅዳሜ። አንቺ ቀድመሽ ዝጊው።