«ርሣ» ያለው መልእክት

በእኛ ጊዜ እንዳሁኑ ኮምፒዩተር የለ ምን የለ፣ የጦር ምስጢር የሚፈታው በእርሳስና በጣት ነበር፣ ትሰማኛለህ? እኔ እዚሁ ሐረር የጦሩ ሬዲዮ ክፍል ተቀጥሬ፣ ባሌ ተስፋዬ ደግሞ ድንበር ላይ ሬዲዮኛ ሆኖ፣ እሱ እዚያ የሞርሱን ቁልፍ ይመታል፣ እኔ እዚህ እየሰማሁ እጽፋለሁ። የሚመታው ቁጥር ነው። ሀ አንድ፣ ለ ሁለት እያልክ የፊደሉን ቤት ትቆጥራለህ፣ ከዚያ ደግሞ ግዕዝ አንድ፣ ካዕብ ሁለት እያልክ ትቆጥራለህ፣ ሁለቱን ስታገናኝ ፊደሉ ይወጣል።

ታዲያ ውጊያው በከፋበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ከሸዋ በር እየተንደረደርኩ ገብቼ ገና ከመቀመጤ ቁጥር መጣ፣ መጣ፣ እና ድርግም! ሬዲዮው ጠፋ። ብፈታው ብፈታው ዝባዝንኬ! ከመሃሉ አንዲት ቃል ብቻ ትነበባለች፤ «ርሣ»።

አለቃዬ ሻምበሉ ጎርደድ ጎርደድ አለና በዚያ ጎርናና ድምፁ፣ «እርሳው ነው የሚለው! ተሳስቻለሁ፣ ተዉት ማለቱ ነው። በቃ ዝጊው!» አለኝ።

«አልዘጋም ጌታዬ! የመታው ተስፋዬ አይደለም። የባሌን እጅ አውቀዋለሁ፣ እሱ ሲመታ ይሮጣል፣ ይሄ ይደናቀፋል። ባሌ ምን ሆኖ ነው ሌላ ሰው የመታው?»

«ሴትዮ፣ ቤትሽ ሂጂ!»

«አልሄድም! ቢፈልጉ ከነወንበሩ ያስወጡኝ!» አልኩት። አልነሳም አልኩ፣ አልነሳም!

እና አሰብኩ። ተስፋዬ ለዕረፍት ሲመጣ ረዳቱን ያማልኝ ነበር፤ «የጎጃም ዲያቆን ሰጥተውኛል፣ ቁጥር ሲመታ ያዜማል» እያለ። ዲያቆን! ታዲያ ዲያቆን ሲጨንቀው በምን ይቆጥራል? በአቡጊዳ ነዋ! እኔም የኔታ ዘንድ ተኮርኩሜ የተማርኩት ነው። አ አንድ፣ በ ሁለት፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ... አምስተኛው ቤት ለኛ ሠ ነው፣ ለሱ ሀ። ስድስተኛው ለኛ ረ፣ ለሱ ወ። አየህ? «ርሣ» ያልነው «ውሃ» ነው!

ሙሉውን ፈታሁት፤ «ውሃ አልቋል። ተስፋዬ ቆስሏል። ድረሱልን።» ጮህኩ፣ አለቀስኩም። ሻምበሉ ኮፍያውን አንስቶ ሮጠ፣ እና ወዲያው ውሃና ሐኪም የጫነው መኪና ከግቢው ሲወጣ በዓይኔ አየሁ።

«ታዲያ እማማ፣ ደረሱላቸው?»

ኧረ በሞትኩት! ይሄ ልጅ ይቀልዳል እንዴ? አባትህ የተወለደው እኮ ከዚያ ወዲህ ነው! ቆይ እስቲ፣ ከማን የወለድኩት መሰለህ? ቂ ቂ ቂ!