ሲጢጥ ያለ ሶፋ አይወጣም

ክቡራትና ክቡራን! እንዲህ እያሉ መጀመር እኔም እችላለሁ፤ ተሸካሚ ብቻ መሰልኳችሁ? እትዬ፣ ነገ ይህን የቤት ዕቃ ሱቅ ለአከራዩ ሊያስረክቡ ዛሬ እኔን ለመሰናበት ብለው ሰው ስለሰበሰቡ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔን የማያውቅ አለ? ባለሦስት በር ቁም ሣጥን ብቻዬን ተሸክሜ ደረጃ የወጣሁ ነኝ! "መሃል ላይ ወድቆ ነበር" የሚል ካለ ቅናት ነው።

ስቀጠር መኪና በራችን ድረስ ይገባ ነበር። ከዚያ መንገዱን ለእግረኛ ብለው ዘጉት፣ የአበባ ገንዳ ደረደሩበት። አምሯል! ግን ሰው ሶፋ በኪሱ ይዞ ይሄዳል? እኔው ነኝ በጋሪ እየገፋሁ መኪና ማቆሚያው ድረስ የማደርሰው። ቀጥሎ ቀለበት መንገዱ ዳር ያ ትልቅ የገበያ ማዕከል ተከፈተ። ዳቦ ቤቱ ወደዚያ ሄደ፣ ጫማ ሰሪው ዘጋ፣ ሲኒማውም ሰው ሁሉ ቪዲዮ ካሴት እየተከራየ ሲቀርበት ምንጣፍ መሸጫ ሆነ። አሁን ደግሞ እናንተም ወደዚያው። አልፈርድም፤ ገበያ ወዳለበት ነው የሚኬደው።

ግን እዚያ ዕቃው በካርቶን ታሽጎ ነው የሚመጣው፤ የጥገና ክፍል የሚባል የለም። ታዲያ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ፎቃችን ላይ ሶፋ ሲጠግኑና ሲያለብሱ የኖሩት ጋሼ ምን ይሁኑ?

"ጋሼ፣ ምን አሰቡ?" አልኳቸው።

"እኔማ የላላሁ ስፕሪንግ ነኝ፤ ማን ይፈልገኛል?" አሉኝ።

እንዴ! እኔ ቆሜ? ያቺኑ የፎቅ ክፍል ከአከራዩ ተከራየኋት። እጅ የሳቸው፣ ጀርባ የኔ! አብሬያችሁ የማልሄደው ለዚህ ነው። "አብደሃል፣ ማን ሊመጣልህ?" ያለኝ ሾፌራችን ይኸው እየሳቀ ነው። ሳቅ ወንድሜ፤ ሶፋህ ሲሰበር እንገናኛለን።

አሁን ደንባችንን እንፈጽም። ሶፋ ከዚህ ቤት ከመውጣቱ በፊት ሁላችንም እንቀመጥበት አልነበር? ሲጢጥ ካለ ወደ ጋሼ ይመለሳል። ይቺ ሶፋ የመጨረሻዋ ናት፤ ነገ ወደ አዲሱ ሱቅ ልትጫን ነው። ኑ! እትዬ መሃል ይግቡ። አንቺ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ጠጋ በያ! ጋሼ፣ እርስዎም። ሾፌር፣ ቀስ ብለህ...

ሰማችሁ? ሲጢጥ አለች!

እትዬ፣ ደንብ ደንብ ነው። ምን አሉ? "ውሰዳት በቃ"? ሁላችሁም ምስክር ናችሁ! ጋሼ፣ ይነሱ፤ ሥራ መጣልን!

በሉ፣ የምትሄዱበት ይቅናችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ወገባችሁ አይጉበጥ፣ ቤታችሁ ሰው አይጣ። ሶፋችሁ ግን አልፎ አልፎ ሲጢጥ ይበል፤ እኛ ፎቅ ላይ ነን።