የመንገደኛው ጀሪካን

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞጆ፣ ጥበቡ ጋራዥ ውስጥ፤ የእህል ነጋዴው ደምሰው የልጁን የማስተዋልን መኪና ይዞ መጥቷል፣ መካኒኩ ጥበቡ ደግሞ ማስተዋልን ለእህቱ ልጅ ለግሩም በሽምግልና የጠየቀ ሰው ነው፤ ሠርጉ የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ደምሰው፦ ምን ቸገረህ? ማስተዋልን ካንዴላው ነው በላት፤ በቃ።

ጥበቡ፦ ካንዴላው አይደለማ፤ እሳት መጫሩንማ ይጭራል።

ደምሰው፦ ይኸው ጥላሸት መስሎ የለም እንዴ?

ጥበቡ፦ ጥላሸት ያደረገው የጠጣው ነገር ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አትበልብኝ።

ደምሰው፦ እኔ እንግዲህ መካኒክ አይደለሁ። ነዳጅ ስሰጣት ታመነታለች አለችኝ፣ አመጣሁልህ።

ጥበቡ፦ ነድቼ አየኋት እኮ። ቀስ ብለህ ስትሄድ ደህና ናት። ረገጥ ስታደርጋት ትን ይላታል፣ ትንገጫገጫለች፣ ከዚያ ጉልበት ይከዳታል። የአየር ማጣሪያውን አየሁ፣ ንጹሕ ነው። የነዳጅ ፓምፑም ምንም አልሆነ። መጨረሻ ላይ ከታንኩ በጠርሙስ ቀዳሁ። ና አሽትተው።

ደምሰው፦ ተወኝ፣ ጉንፋን ይዞኛል።

ጥበቡ፦ አሽትተው ነው የምልህ።

ደምሰው፦ እ... ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ጥበቡ፦ ኤዲያ። ነጭ ጋዝ ነው እንጂ፤ የምድጃ ጋዝ። ግማሽ በግማሽ ደባልቀውት፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃ ተኝቷል። እጄን በሳሙና ፈትጌ ፈትጌ ሽታው አሁንም አልለቀቀኝም። ከየት ነው የተቀዳው?

ደምሰው፦ መንገድ ዳር ነው መሰለኝ። ማደያው ሰልፍ ነበረ።

ጥበቡ፦ መንገድ ዳር ከማን?

ደምሰው፦ እንግዲህ መንገድ ዳር ስንቱ ይሸጣል።

ጥበቡ፦ ደምሰው፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ። ማን ነው የሰጣት?

ደምሰው፦ ግሩም ነው።

ጥበቡ፦ የኛ ግሩም?

ደምሰው፦ ታዲያ ስንት ግሩም አለህ? ሰልፍ ላይ እንዳትጉላላ ብሎ አንድ ጀሪካን አምጥቶ ሞላላት። በፍቅር ነው ያደረገው።

ጥበቡ፦ ፍቅሩ በአፍንጫዬ ይውጣ።

ደምሰው፦ ስማኝ እንጂ። ትናንት ሱቄ ድረስ መጥቶ እግሬ ላይ ወድቋል። ሆን ብሎ አይደለም። ለሷ ያስቀመጠው ንጹሑ ሌላ ነበረ። ሲጣደፍ ተሳስቶ የመንገደኛውን ጀሪካን አነሳ።

ጥበቡ፦ የምን መንገደኛ?

ደምሰው፦ ለአላፊ አግዳሚው እየደባለቀ የሚሸጠውን ነዋ።

ጥበቡ፦ ይኼን ብለህ ደግሞ ልታበርደኝ ነው? ለዘመድ ንጹሑ፣ ለማያውቀው ሰው ይኼ?

ደምሰው፦ ማን የማያደርግ አለ? ልጅ ነው፣ ይማራል።

ጥበቡ፦ ስንቱ ሰው በእንዲህ ያለ ነዳጅ መኪናው ቆሞበት ከነቤተሰቡ እየገፋ እዚህ ደጄ መጥቷል መሰለህ። የሻጩን እናት ስረግም ለካ የገዛ እህቴን ስረግም ነው የከረምኩት።

ደምሰው፦ ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።

ጥበቡ፦ ይስማ። ማስተዋል ላይ ምን ደረሰ?

ደምሰው፦ ምን ይደርሳል፣ ደህና ናት።

ጥበቡ፦ ደምሰው።

ደምሰው፦ የጭነት መኪና ልትቀድም ወጥታ መሀል መንገድ ላይ መኪናዋ ከዳቻት። ከፊቷ አውቶቡስ ይመጣ ነበር። ሹፌሩ ወደ ጠርዝ ወጥቶላት ነው ለጥቂት የተረፈችው።

ጥበቡ፦ እና ልጅህ ከሞት አፍ ወጥታ አንተ ስለ ካንዴላ ታወራልኛለህ? ቀፈፍከኝ፣ እውነቴን ነው።

ደምሰው፦ ምን ላድርግ ታዲያ? የጥሪ ካርዱ ተበትኗል፣ በሬው ጓሮ ታስሯል። የሰው አፍ አታውቅም? ሠርጓ የፈረሰባት እያሉ ዕድሜዋን ሙሉ ይጠቋቆሙባታል። ደግሞስ ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ፤ የእህትህ ልጅ ነው፣ ገመናውን ይሸፍንለታል ብዬ ነው የመጣሁት።

ጥበቡ፦ እሷ ምን ትላለች?

ደምሰው፦ እሷማ ጠርጥራለች። «ጋሼ ጥበቡ ይየው። ሌላ ብልሽት ነው ካለ አገባለሁ፤ ነዳጁ ነው ካለ ቀለበቱን እመልሳለሁ» አለች። ግሩም እኔ ጋ መምጣቱን አልነገርኳትም። እንግዲህ ያንተን አንዲት ቃል ነው የምትጠብቀው። ካንዴላ በልና ሁላችንንም ገላግለን።

ጥበቡ፦ ለሽምግልና ቤትህ በመጣን ጊዜ ለግሩም ምግባር ዋስ የሆነው ማን ነበር?

ደምሰው፦ አንተው ነህ። «እኔን ያያችሁ እሱን አያችሁ» ያልከው አንተ አይደለህ? ያንን ቃልህን አምኜ ነው የፈቀድኩት።

ጥበቡ፦ በል ቤትህ ግባና ማስተዋልንም እናቷንም ሳሎን አስቀምጣቸው። እኔ ያኔ አብረውኝ የመጡትን ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዤ ከኋላህ እመጣለሁ። ተቀመጡ ብትሉን አንቀመጥም፤ ቆሜ የለመንኳትን ልጅ ቆሜ አትስጡን እላለሁ።