የከብት አጥር ሽቦና የኋለኛው ክፍል

እንደምን አደርሽ ሜርል! ኧረ ቆይ አትሂጂ፣ ልብሱ በዚህ ሙቀት አንቺ ቅርጫቱን ሳታነሺ ይደርቃል። ከተማችን ሜሪቦሮ በጠዋቱ እንዲህ ከጋለች እኩለ ቀን ላይ ምን ልትሆን ነው? የሌሊት ወፎቹስ ማንጎሽን ጨረሱት አይደል? የእኔንም እንደዚያው። ግማሹን ነክሰው ይጥሉና ሌላ ይጀምራሉ። በልተው እንኳ ቢጨርሱት አንድ ነገር ነበር።

ባለቤትሽ ከቤቱ ሥር፣ ምሰሶዎቹ መሃል ነው መሰለኝ፣ መዶሻው ይሰማኛል። ለሕፃኑ አልጋ እየሠራ? እሰይ! ብሪዮኒ ቅዳሜ ነው የምትመጣው አላልሽኝም? በመጀመሪያ ልጇ እናቷ ቤት መታረሷ ደስ ይላል። የኋለኛውን ክፍል ሰጣችኋት አሉ… ጥሩ ክፍል ነው። ይሞቃል።

እኔ ጋ እንኳ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ገብታለች። ጃሲንታ ትባላለች፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ኮርኒሱ ውስጥ በሆዷ ስትሳብ ቆይታ ጥላሸት መስላ ወጣችና የድሮውን ሽቦ አሳየችኝ። ጨርቅ የለበሰውን፣ ታስታውሺው የለ? በጣቷ ነካ ስታደርገው ጎማው እንደ ደረቀ ብስኩት ረገፈ። መዳቡ ራቁቱን ቀረ! እኔ ደግሞ ከሥሩ ስንት ዘመን ተጋድሜ አንኮራፍቻለሁ። «ቤቱ እስከ ዛሬ እንዴት እንዳልተቃጠለ እንጃ» አለችኝ። በሳቅ ፈነዳሁ። ምን ላድርግ፣ አርጅቷል፣ ይቀየር አልኩ፣ አለቀ። የእኔንና የእናንተን ቤት የሠራው አንድ ሰው ነው ይባላል፣ ሽቦውም ያው ነው… ግን የእናንተው ቤት ባለሙያ አያጣም፤ እኔን ነው እንጂ መበለቷን ሰው መጥራት የሚያስፈልገኝ።

ይልቅ ስለ አንድ ሰውዬ ላጫውትሽ። አታውቂውም። ራቅ ያለ ሰፈር ነው የሚኖረው። እንዴት ያለ እጀ ወርቅ መሰለሽ! እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ሶኬት እንኳ መፍታት ክልክል ነው ይላሉ፤ እሱ ግን ፈቃድ የሚባለው ነገር ለማያውቁ ሰዎች ነው ባይ ነው። እውነቱን እኮ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ማንን ያስፈቅዳል?

ታዲያ የገና በዓል በሙቀቱ ወራት በመጣ ቁጥር ፊውዙ ይቃጠልበታል። ምድጃው ውስጥ የአሳማው ጭን፣ ሳሎን ማቀዝቀዣው፣ ከቤቱ ሥር ደግሞ የቢራው ፍሪጅ፤ ሁሉም በአንዴ ሲሠሩ ፊውዙ ምን ያድርግ? ሌላው ሰው ቢሆን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራ ነበር። ፈሪ ስለሆነ! እሱ ግን ከወንድሙ እርሻ የተረፈ የአጥር ሽቦ አመጣ። አዎ፣ የከብት አጥር፣ ኮርማ የሚያቆመውን። ቆረጠና የፊውዙ ቀጭን ክር በነበረበት ቦታ ጠመዘዘው። ከዚያ ወዲህ መብራት ጠፍቶበት አያውቅም! ይኸውልሽ ጭንቅላት ማለት። የፊውዙን ሳጥንም ቀለም ቀባው፣ አረንጓዴ። ከበረንዳችሁ ቀለም ጋር ቁርጥ አንድ ነው… አንዳንዴ ይገጣጠማል።

ለጃሲንታ ይህንኑ ባወራላት ሳቋ እልም አለ። «ፊውዝ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው» አለችኝ። «አሁን የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው» አለችኝ። አይ ልጅ! የአጥር ሽቦ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የት ታውቃለች?

መዶሻው ምነው ቆመ? ምስማር አልቆበት ይሆናል። ኧረ ይቀጥል በይው፣ እኔ የማወራው ስለ ሌላ ሰው ነው።

እና… እሁድ እናንተ ጋ ሻይ ስንጠጣ የኋለኛውን ክፍል ልታሳዪኝ ይዘሽኝ ገብተሽ የለ? መጋረጃው እንዴት ያምራል! እንዳልወድቅ ግድግዳውን ብደገፈው ለብ አለኝ። ፀሐይ ነው አልኩ። ኋላ ሳስበው ያ ግድግዳ በኮሪደሩ በኩል ያለው ነው፤ ፀሐይ ከየት መጥቶ ያገኘዋል? ደግሞ ሶኬቱ አጠገብ ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ። ዓሣ ጠብሳችሁ ነበር እንዴ? አልጠበሳችሁም? እንጃ እንግዲህ፣ የአሮጊት አፍንጫ… ሽቦ ሲግል እንደዚያ ይሸታል የምትለው ጃሲንታ ናት፣ እኔ አይደለሁም። የሕፃኑ አልጋ የሚቆመውም እዚያው ጋ ነው አላልሽም? ምቹ ነው፣ ብርድ ልብስ አያስፈልገውም።

ሜርል… ሳቄን ተይውና፣ ከእሁድ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ብሪዮኒን እኮ በእጄ አቅፌ አሳድጌያታለሁ።

ጃሲንታ እስከ ምሳ ድረስ እኔ ጋ ናት። አጥሩን ተሻግራ አንዴ አየት አድርጋው ብትመለስ ምን አለበት? ያ ራቅ ያለ ሰፈር የሚኖረው ሰውዬ ቢሆን «ቤቴን ሴት ልጅ አትፈትሽብኝም» ብሎ ይቆጣ ነበር። ባለቤትሽማ እንደዚያ አይደለም፣ ሰፊ ልብ ነው ያለው። አይደለም እንዴ?

ውይ፣ ይኸው ራሱ ብቅ አለ! እንደምን አደርክ ጎበዝ! አይ፣ ስለ አንተ አይደለም፣ ምን በወጣህ። ፊትህ ምነው እንዲህ ቀላ? ሙቀቱ ነው፣ ሙቀቱ ነው። ምን አልክ? አንተው ራስህ ልትጠራት አስበህ ነበር? አላልኩሽም ሜርል? መሰላሉንስ ራሱ ሊይዝላት ነው! ጃሲንታ! ነይ የኔ ልጅ፣ በዚህ በኩል፣ መጀመሪያ ከቆጣሪው ዋናውን መብራት አጥፊው!

እንግዲህ ሜርል፣ እግዜር ልጃችሁን በሰላም ያገላግላት። ሕፃኑም በዚያ ክፍል ጠግቦ ይተኛ፣ ይደግ፣ ይመንደግ። አድጎም «ይህን ቤት ከእሳት ያዳነልን አያቴ ነው» ብሎ ለጓደኞቹ ያውራ። ለአያትየውም ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጤና ጋር ሰጥቶት፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይህን ለመስማት፣ ፊቱም ሳይቀላ «አዎን፣ እኔ ነኝ» ለማለት ያብቃው።