ሎሚና በረኪና

በቁስቋም ሠፈር ጋቢ በማንጣት አያ ውድነህን የሚስተካከል አልነበረም። በረኪና ከጣሊያን ዘመን ጀምረው ለምደዋል፤ እልኸኝነትን ግን ከማንም አልተማሩም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ በመጀመሪያው ጥምቀት ዋዜማ፣ ሎሚ በከረጢት ሞልተው ከገበያ ሲመለሱ የጎረቤታቸውን የአዛለችን ልጅ ወይንሸትን ከደጃፏ አገኟት። ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ በዘመቻውም ፊደል ልታስቆጥራቸው ሁለት ጊዜ ጠርታቸው ሁለቴም እምቢ ብለዋታል።

«እንደምን ዋሉ አያ? ይሄ ሁሉ ሎሚ ለምንድን ነው?»

«በረኪና ውስጥ ልጨምቀው ነዋ! በረኪናም ያነጣል፣ ሎሚም ያነጣል፤ ሁለቱ ሲገናኙ እጥፍ ነው። ትላንት በሣህን ሞከርሁት፣ ዛሬ በገንዳ ነው።»

ወይንሸት ደነገጠች። «በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ እንዳያደርጉት!»

«ምነው? ልብስ ማጠብም ታስተምሪ ጀመር?»

«እሱንስ እኔ ከእርስዎ እማራለሁ። ግን አያ፣ ሁለት ነገር ሲገናኝ ሁልጊዜ እንደ እህል ተደምሮ አይቀመጥም። ያላቸውን ይለዋወጡና ሌላ ነገር ይወጣቸዋል። የሚወጣውንም ሳይገናኙ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል።»

«ጠንቋይ ሆነሽልኛላ!»

ልጅቱ አልተቀየመችም። ከእናቷ ምድጃ አመድ አምጥታ በብርጭቆ አደረገች። «ሳልነካው ልንገርዎ። ሎሚ ስጨምቅበት ያለ እሳት ይፈላል፤ የሚወጣው አየርም ክብሪት ያጠፋል።»

«ጎምዛዛ ጭቃ ነው የሚሆን» አሉ አያ ውድነህ።

ጨመቀችበት። አመዱ አረፋ ደፍቆ ተነሣ። የለኮሰችውን ክብሪት ወደ ብርጭቆው ብታስገባው ድርግም አለ። አያ ውድነህ ስላላመኑ በገዛ እጃቸው ሌላ ለኮሱ፤ እሱም ጠፋ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠርጉት የኖሩትን አመድ ትክ ብለው አዩት። የልጅቱ እውቀት በእውነት አስደነቃቸው።

«እንዴት አወቅሽ?»

«አመድ የያዘውንና ሎሚ የያዘውን ስለማውቅ ነው። በረኪና ውስጥ ደግሞ ክሎሪን የሚባል ነገር ታስሮ ይኖራል። ኮምጣጣ ሲነካው ተፈቶ አየር ሆኖ ይወጣል። ዓይን ያስለቅሳል፣ ደረት ያቃጥላል፤ በዝግ ቤትማ ይገድላል።»

ደረት የሚለውን ሲሰሙ ሎሚው ከእጃቸው ወደቀ። ባለቤታቸው ጥሩነሽ አስም አለባት፤ ብርዱን ፈርተው የሚያጥቡትም እሷ በተኛችበት ክፍል ነው። ትላንት ሣህኑን ሲያማስሉ ሳል ጥሏት ነበር። ምች መስሏቸው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጧት።

ቤት ገብተው በሩንም መስኮቱንም ከፈቱ።

«ምነው፣ ብርዱ!» አለች ጥሩነሽ።

«ምች አይደለም ያሳለሽ» አሏት አጠገቧ ተቀምጠው፤ «እኔ ነኝ። ባለማወቄ።»

ከዚያ ወዲያ በረኪናውን በውሃ ብቻ አቅጥነው፣ ከደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ማጠብ ጀመሩ። ጋቢው ያለ ሎሚም ነጣ። ጥሩነሽ የበዓሉን ዕለት ሳትስል ዋለች። የሠፈሩ ሴቶችም ነገሩን ሰምተው ሁለት ጠርሙስ ከመቀላቀላቸው በፊት ምን እንደሚወጣው መጠየቅ ለመዱ። ይህን ሁሉ ያተረፈላቸው በብርጭቆ የተደረገ እፍኝ አመድ ነው።

በሳምንቱ አያ ውድነህ ከመሠረተ ትምህርት ክፍል የፊት ወንበር ላይ ተገኙ። ወይንሸት «ስምዎን መጻፍ እንጀምር» ብትላቸው አይሆንም አሉ። መጀመሪያ የጻፉት ቃል ዛሬም በበረኪናው ጠርሙስ ላይ፣ በተንጋደደ እጅ ጽሑፍ፣ ተለጥፎ አለ፦ «ለብቻው»።