በክር የተያዘው ዝላይ

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው፣ ሰፈርተኛው «ጋሽ አትነቃነቁ» እያለ የሚጠራቸው ፎቶ አንሺው አጎቴ፣ ከሰዓት ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። አባታቸው ከአንዲት የሰዓት ጥርስ ጋር ግማሽ ቀን የሚታገሉ ዝምተኛ፣ እናታቸው ደግሞ መርፌ በከንፈራቸው ይዘው እንኳ ወሬ የማያቋርጡ ሰው ስለነበሩ፣ ሟቹ ትዕግሥቱን ከአባታቸው፣ ጨዋታውን ከእናታቸው ወርሰው አደጉ።

ለትምህርት ሲደርሱም፣ ከሥዕል በቀር እዚህ ግባ የሚባል ውጤት ሳያስመዘግቡ ሁለተኛ ደረጃን እንደምንም አጠናቅቀው በአንድ ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። በዚያም በቀይ አምፖል ሥር ፊልም ማጠብን፣ ፎቶን እንደ ልብስ ገመድ ላይ አስጥቶ ማድረቅን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቀጭን ብሩሽ ከሰው ፊት ላይ ብጉርና ጠባሳ ማጥፋትን ተምረው፣ ቆየት ብለው የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። ካሜራቸው ዘገምተኛ ስለነበር ሙሽራውንም፣ ሕፃኑንም፣ ሹሙንም «አትነቃነቁ» ሳይሉ አንስተው አያውቁም፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው።

በዚያው ዘመን የአንድ የዳንስ አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፣ ዋናዋ ዳንሰኛ ሲዘሉ የሚያሳይ፣ በር ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ አዘዟቸው። ሟቹም ዳንሰኛዋን ሲዘሉም ሲሽከረከሩም አነሷቸው፤ ነገር ግን አዳራሹ ደብዛዛ በመሆኑ ወረቀቱ ላይ የወጣው እጁ ከእግሩ የማይለይ ነጭ ጭረት ብቻ ሆነ። ዳንሰኛዋ ያንን ፎቶ ወደውት ለራሳቸው ቢጠይቁም፣ ሥራ አስኪያጁ «ይሄማ ጢስ ነው» ብለው ስለመለሱት፣ ሟቹ አፍረው ቀዳደው ጣሉት። በማግስቱም ሥራው እንዳያመልጣቸው ሲሉ፣ ዳንሰኛዋን በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነ በርጩማ ላይ በአንድ እግራቸው አቁመው፣ የቀሚሳቸውን ጫፍ በዓሣ ማጥመጃ ክር ወደ ግድግዳው ወጥረው፣ እንደ ልማዳቸው «አትነቃነቁ» ብለው አነሷቸው፤ በርጩማውንና ክሩንም በብሩሽ አጠፏቸው። ብዙዎቻችሁ በቀን መቁጠሪያ ላይ ያያችሁት፣ ሽልማት ያስገኘላቸውና እንቅስቃሴን በካሜራ የያዙ ሰው ያሰኛቸው ፎቶ ይኸው ነው።

ይህን ለምን በቀብር ላይ ታነባለህ የሚለኝ ቢኖር፣ ሟቹ ራሳቸው አደራ ስላሉኝ ነው እላለሁ።

ፎቶው በአዳራሹ በር ላይ ከተሰቀለ ወዲህ ሕዝቡ አየር ላይ ተንሳፍፋ የምትቀር ሴት ለማየት ይጎርፍ ጀመር፤ ዳንሰኛዋ ግን እንደማንኛውም ሰው ዘለው የሚወርዱ ነበሩ። አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ሟቹ ከሥራ አስኪያጁ ጎን በፊት ወንበር ተቀምጠው ሳለ፣ ከኋላቸው አንድ ተመልካች «ፎቶዋ ይሻላል» አለ። አዳራሹ ጠባብ ስለነበር፣ እጅ ሊነሡ ጎንበስ ያሉት ዳንሰኛ ቃሉን ሰምተው ቀና ሲሉ ዓይናቸው ከሟቹ ዓይን ጋር ተጋጠመ፤ ሥራ አስኪያጁ የሟቹን ትከሻ ቸብ ቸብ ሲያደርጉ፣ ሟቹ ዳንሰኛዋ እያዩአቸው ፈገግ አሉ። ሕይወታቸውን ሙሉ የበላቸው ያ ፈገግታ ነው። ዳንሰኛዋ ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ፣ ጉልበታቸው ገና ሳይደክም፣ መድረኩን ትተው የሌሎች ዳንሰኞችን ልብስ ወደ መስፋት ዞሩ።

ሟቹም ዳንሰኛዋን ይቅርታ ሊጠይቁ ሄደው ጋብቻ ጠይቀው ተመለሱ፤ ይቅርታው ግን ሳይጠየቅ ቀረ። እኒህ ባልና ሚስት አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተው፣ ከጎረቤት ጋር ተዋደውና ተሳስቀው ኖሩ። ሆኖም እንግዳ በመጣና ሳሎን የተሰቀለውን ያንን የዝላይ ፎቶ ባደነቀ ቁጥር፣ ሟቹ ውኃ ጠማኝ ብለው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር። ሴት ልጃቸው በልጅነቷ እንደ እናቷ እንሳፈፋለሁ ብላ ከምግብ ጠረጴዛ ላይ ዘላ ክንዷ በተሰበረ ጊዜም፣ ሐኪሙ ምን ሆና ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ሟቹ አንገታቸውን ደፍተው «ልጅነት ነው» ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሱም።

የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ካዋላቸው በኋላ ግን ሁላችንንም ሰብስበው የክሩንና የዚያን ፈገግታ ነገር ተናገሩ። ሴት ልጃቸው ክንዷን ስታሻሽ፣ ባለቤታቸው «እኔማ ክሩ ሲታሰር እዚያው ነበርኩ፤ አንተ እስክትለው ነው የጠበቅኩት» አሉ። ሟቹም ያን ጊዜ ይቅርታ ጠየቁ፤ አለቀሱም። ከዚያም ትራስ ተደግፈው ቀና በማለት አሮጌውን ካሜራ አስመጥተው፣ ባለቤታቸው በአልጋውና በመስኮቱ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ እንዲደንሱላቸው ለመኗቸው፤ እኚያ እናት በነጠላ ጫማቸው ሲሽከረከሩም፣ ከዚያ ከቀደዱት ፎቶ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አትነቃነቁ ሳይሉ አነሷቸው። ፊልሙን በአባቷ ምሪት ያጠበችው ሴት ልጃቸው ናት።

ባለቤታቸው ነገሩ በአደባባይ እንዳይነበብ፣ ሰው ፊት ማፈር ለሞተ ሰው ምን ይረባዋል ብለው ቢከራከሯቸውም፣ ሟቹ «እስከ ዛሬ አፍሬ ዝም አልኩ፤ አሁን ደግሞ አፍሬ ልናገር» ብለው አስጨነቋቸው። ባለቤታቸውም በርጩማው ላይ የወጡት ወደውና ፈቅደው መሆኑ አብሮ እንዲነበብ አዘው ተስማሙ፤ እነሆም ተነበበ። ሟቹ ይህን አደራ ካሉ በኋላ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቤተሰባቸው አጠገባቸው እንዳለ አረፉ።

ከአስከሬኑ ጎን የቆመውን፣ ነጭ ጭረት ብቻ የሚታይበትን ፎቶ አይታችሁ፣ ተበላሽቶ ነው ወይ ብላችሁ በር ላይ የጠየቃችሁን አላችሁ። አልተበላሸም። ባለቤታቸው ናቸው፤ እየደነሱ ነው።

ሟቹ ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና ወንድ ልጃቸውን፣ እናቴን ጨምሮ እህቶቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም በየአልበማችን ውስጥ ቀጥ አድርገው ያቆሙንን ሁላችንን ትተው ሄደዋል። ለእኛ መጽናናትን ይስጠን፤ ነፍሳቸውንም አምላክ በሰላም ያሳርፍ፤ እፍረታቸውን ግን እዚሁ ከእኛ ጋር ያስቀርላቸው።